የግንብን ግፊት ከኰምፒዩተር ወደ ሰንጠረዥ ስለ ማውጣት

በጅማና በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በጌራ «ኤክስፖርት» የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ቡናን ነው። 60 ኪሎ የሚይዘው ጆንያ የመጣበት አገርና ደረጃው ሳይጻፍበት ቢላክ፥ ገዥው ምን እንደ ገዛ አያውቅም። «ጅማ 5» የተባለው ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው ደረጃው ከስሙ ጋራ አብሮ ስለሚሄድ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ኤክስፖርት ነው፤ ይኸውም የአፈር መደገፊያ ግንብ የሚነድፉ የኰምፒዩተር ፕሮግራሞች ያሰሉትን ግፊት ወደ ሰንጠረዥ ስለ ማውጣት ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ ታትሞና ማኅተም ተመትቶበት በመጨረሻ የሚያርፈው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከጅሬን ኰረብታ ጀምሮ እስከ አጋሮ ማዶ ድረስ አገሩ ወጣ ገባ ነው። መንገድ ሲቈረጥ፥ የቡና ማጠቢያ ቦታ ሲደለደል፥ ትምህርት ቤት በተዳፋት ላይ ሲሠራ፥ ከበስተኋላ የቆመውን አፈር የሚይዝ ግንብ ያስፈልጋል። አፈሩ አብዛኛው ቀይ ሸክላማ ነው። ዝናቡም በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ግንቡ የሚታገለው ከአፈሩ ጋራ ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ ከሚከማቸው ውሃም ጋራ ነው።

የአፈርን ግፊት በሒሳብ የመለካት ጥበብ ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1776፥ ስኮትላንዳዊው ራንኪን ደግሞ በ1857 ያወጧቸው ሕግጋት ዛሬም በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ይሠራሉ። ምሳሌ እንውሰድ። የግንቡ ቁመት 4 ሜትር፥ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን፥ የውስጥ ሰበቃው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው እንበል። በዚህ ጊዜ ወደ ጐን የሚገፋው ከቁልቁል ጫናው ሲሶው ነው። ስለዚህ በግንቡ ሥር ግፊቱ 24 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ከላይ ዜሮ ስለ ሆነ ጠቅላላው ግፊት 24 በ4 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል፥ በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት 48 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህን በእርሳስ ማንም ሊሠራው ይችላል።

አሁን ውሃ ማስወጫው ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነና ውሃው እስከ ላይ ሞላ እንበል። ውሃው ብቻውን 78 ኪሎ ኒውተን ከግማሽ ያህል ይገፋል። በውሃ የተዋጠው አፈር ቀለል ቢልም ሲደመር ከ100 ያልፋል። ግንቡ ያው፥ አፈሩም ያው ሲሆን ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ያሰላል፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሰንጠረዦች በመልክ አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው። በአንዱ ዓምድ ጥልቀት፥ በሌላው ግፊት፤ ሌላ ነገር የለም።

እኔም እንዲህ ያለ ገጽ በአንድ መሥሪያ ቤት አይቼ ነበር። ቍጥሮቹ ሦስት ዓምድ ሞልተዋል፤ መለኪያቸው ኪሎ ፓስካል ይሁን ቶን፥ ውሃ ያለበት ይሁን የሌለበት፥ የሚናገር አንድም መስመር የለም። አንዱ ባልደረባ «ኰምፒዩተር ያወጣው ነው» ሲል ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ።

በዝውውሩ መካከል ከሚጠፉት ነገሮች ሁሉ ተንኰለኛው የአፈር ንብብሮች ድንበር ነው። ከላይ 2 ሜትር ከግማሽ ቀይ አፈር፥ ከሥሩ ጠንከር ያለ የተፈረካከሰ ድንጋይ ቢኖር፥ ግፊቱ በድንበሩ ላይ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በ2.50 ሜትር ጥልቀት ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ለምሳሌ በአንዱ 18.3፥ በሁለተኛው 12.2። ነገሩን ያልተረዳ ጸሐፊ «ጥልቀቱ ተደግሟል» ብሎ የመጀመሪያውን መስመር ይሰርዛል። በዚያች አንዲት ስረዛ ከላይኛው አፈር ግፊት ሲሶው ይጠፋል፤ የብረቱንም ብዛት የሚወስነው ሌላው መሐንዲስ ይህን አያውቅም።

ሁለተኛው የነጥብና የነጠላ ሰረዝ ነገር ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች አሥርዮሽ የሚለየው በነጠላ ሰረዝ ነው። በዚያ ልማድ «24,00» ተብሎ የወጣው ቍጥር በእኛ አገር ኤክሴል ሲከፈት 2400 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ይህስ መቶ እጥፍ ስለ ሆነ ዓይን ያለው ያየዋል። የማይታየው የደኅንነት ማባዣው ነው። በአውሮፓው የንድፍ ደንብ ቋሚ ጫና ለብርታት ስሌት በ1.35 የሚባዛበት ሁኔታ አለ። ሰንጠረዡ አስቀድሞ ተባዝቶ እንደ ሆነ ካልተጻፈበት፥ ተቀባዩ ዳግመኛ ያባዛውና 1.82 ይሆናል፤ የመንግሥት ገንዘብም በከንቱ ብረት ላይ ይፈሳል። ወይም ሁለቱም «ሌላው አባዝቶታል» ብለው ይተዉታል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለ ሆነም ሰንጠረዡ ሲቀርብላችሁ በራስጌው ላይ ጥቂት ቃላት እንዲጻፉ ጠይቁ፦ መለኪያው ምን እንደ ሆነ፤ ጥልቀቱ ከግንቡ አናት ወይስ ከባሕር ወለል እንደ ተቈጠረ፤ ውሃው የት ድረስ እንደ ታሰበ፤ ከግንቡ በላይ ቡና የጫነ መኪና ይቆም እንደ ሆነ ጫናው መግባቱን፤ ማባዣውም መግባት አለመግባቱን። ጠቅላላው ግፊትም ከሥሩ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሁለት ተከታታይ ጥልቀቶች መካከል ያለውን አማካይ ግፊት በመካከላቸው ባለው ርቀት በእርሳስ አባዝታችሁ ደምሩና ከእርሱ ጋራ አስተያዩ። ካልተስማሙ ወረቀቱን ሳትፈርሙ ወደ መጣበት መልሱት፤ ይህንም ከሰኔ በፊት አድርጉት፤ በጅማ ክረምቱ ከገባ በኋላ የተቈፈረው ተዳፋት ደብዳቤ እስኪመለስ አይጠብቅምና።