ጓያ የሰበረው ቤተሰብ

በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች እግራቸው ተሳስሮ በምርኩዝ ሲሄዱ ያየ ሰው ነገሩን ለዘር ቢሰጠው አይፈረድበትም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ የእግር ጡንቻን እየገተረ የሚሄድ የነርቭ በሽታ በእርግጥ አለ፤ ምልክቱም ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ከሚያመጣው የእግር ሽባነት፣ ከጓያ ስብራት ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። የዘሩ በሽታ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይብሳል። ጓያ ግን ሲያርስ የከረመውን ወጣት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጥለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙውን ጊዜ አይብስም፣ አይሻልምም። ወንድማማቾቹን ያገናኛቸው የክፉ ዓመት ማዕድ ነው።

እንደ ለሚ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ውሃ በሚቋጥረው መረሬ መሬት ላይ ጓያ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ በቀረችው እርጥበት ያፈራል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይገኛል፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ የህንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ኦዳፕ ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል በእሱ በር ገብቶ ሴሉን ያለ እረፍት ይቀሰቅሰዋል። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሴሉ አቅም አጥቶ ይሞታል። ይበልጥ የሚጎዱት ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ሴሉን ይከላከሉለታል፤ ጓያ ደግሞ በእነሱ ድሃ ነው። ድርቅም በፍሬው ውስጥ ያለውን ኦዳፕ ይጨምራል። ሰው ጓያን አብዝቶ በሚበላበት ዓመት መርዙም ይበረታል ማለት ነው።

«አያቶቻችን በልተውት ምን ሆኑ?» የሚል አይጠፋም። ከእህል ጋር በልክ የተበላ ጓያ በአብዛኛው አይጎዳም፤ የሚሰብረው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ወሎ፣ ዳውንትና ደላንታ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ እነ ተመራማሪ ኃይለየሱስ ጌታሁን ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ አደጋውን ይጨምራሉ፤ ቅመም የገባበት ወጥና የእህል ቅልቅል ይቀንሱታል። ታዲያ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? አንድ ቤት ይኑሩ እንጂ ሁሉም እኩል አይበሉም። ይበልጥ የሚጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ከብት ሲጠብቁና ሲያጭዱ እሸቱንና ቆሎውን የሚቆረጥሙት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። የጓያ እንፋሎትና ገለባ ይሰብራል የሚለው እምነት ማስረጃ የለውም። እንዲያውም እምነቱ ራሱ ጉዳት አለው፤ ሰው እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን ይበላልና።

የሞተ ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። በችግር ጊዜ ጓያን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፤ ከእህልም ቀላቅሉት። ጓያ የሰበረውን ሰው ቤተሰብ ደግሞ «ዘራቸው ነው» ብላችሁ ከጋብቻ አታርቁ።