በሚገባ ቋንቋ መታከም፦ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አስተዳደርና ገቢ

በጂዳ አል-ባላድም ሆነ በመካ የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ሕመሙን በትክክል መግለጽና የመድኃኒቱን አወሳሰድ መረዳት ይኖርበታል። መጠኑ በስሕተት ከተተረጎመ ፈውስ የታሰበው መድኃኒት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚጥሩት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አንዱ «ድንበር የለሽ ተርጓሚዎች» ነው።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በፈረንሳይ ሲመሠረት «ድንበር የለሽ ሐኪሞች»ን በትርጉም ያግዝ ነበር። በ2010 በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2014 በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት የጤና መልእክቶችን በአካባቢው ቋንቋዎች አቅርቧል። ከ2021 ጀምሮ «ክሊር ግሎባል» በተሰኘው ድርጅት ሥር ይገኛል።

የበላይ አካሉ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ተቀጣሪ አመራር ያከናውናል። ገቢው ከለጋሾች፣ ከትርጉም ኩባንያዎች ድጋፍና ከረድኤት ድርጅቶች የአገልግሎት ክፍያ የሚመነጭ ነው። በርካታ ተርጓሚዎች ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የዚህ ዓይነት ድርጅት ትርፍ ለግለሰብ አይከፋፈልም፤ ዓመታዊ የፋይናንስ መግለጫውም ለሕዝብ ክፍት ነው።

እነዚህ መመዘኛዎች ለነዋሪውም ይጠቅማሉ። «ለታማሚ እናዋጣ» የሚል ጥሪ ሲቀርብ፣ ሰብሳቢው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚጠየቅ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ መለገስ የሚሻ ሰው በ2021 ሥራ የጀመረውን «ኢሕሳን»ን የመሰሉ ፈቃድ ያላቸውን መድረኮች መጠቀም ይችላል። የጤና ምክር የሚሹም ወደ ጤና ሚኒስቴር የ937 መስመር ሊደውሉ ይችላሉ።