አሮጌዋ ራቫ ፎር በፎገራ ክረምት

ያገለገለች ራቫ ፎር ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «ሞተሯ አይነካም፤ አታስቀይምም።» ይህ ምስክርነት ወረታ ላይ ጠንከር ያለ ፈተና ይገጥመዋል። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው አስፋልት ላይ የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ የሚገነጠልባት ናት። በምሥራቅ በኩል እስከ ደብረ ታቦር 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚያስወጣ ዳገት አለ፤ በምዕራብ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚተኙበት የፎገራ የሩዝ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሠላሳ ዓመት የሞላት መኪና ዛሬም ከተነሣች ስሟን በሥራዋ አግኝታዋለች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ብዙዎች እንደሚሉት አለመበላሸቷ አይመስለኝም። ትበላሻለች። የሚያስመሰግናት ብልሽቷ የታወቀ መሆኑ፣ ከመምጣቱ በፊት ምልክት መስጠቱና ሠፈር ውስጥ ባለ ጋራዥ መጠገን መቻሉ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ «አትበላሽም» ብሎ የገዛና «ምልክቷን ልከታተል» ብሎ የገዛ ሰው መኪናቸውን አንድ ዓይነት አይዙም።

በመጀመሪያ የትኛዋ ራቫ እንደሆነች መለየት ያስፈልጋል። ቶዮታ ይህችን መኪና ለገበያ ያቀረባት በፈረንጆች 1994 ሲሆን የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 2000 ዘልቋል። ባለ 2 ሊትሩ ሞተር የሚሠራው በቺንጊያ ነው፤ ቺንጊያው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መቀየር አለበት። በብዛት የሚገኘው የዚህ ሞተር ዓይነት ደግ ጠባይ አለው፦ ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይፈርስም። በ2000 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን የቤንዚን ሞተሩ በሰንሰለት የሚሠራና ኤሌክትሮኒክስ የበዛበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2001 እስከ 2003 ያሉት ሞዴሎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ከኮምፒውተራቸው በመጣ ችግር እየተንገጫገጨ ማርሽ ይቀይር ስለነበር፣ ቶዮታ ራሱ ለዚያ ክፍል የሚሰጠውን ዋስትና አራዝሞታል። ስለዚህ «ራቫ ናት» ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ዳገቱ እንሂድ። ውሃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ግን 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ደግሞ ሞተሩ በጤናው ሲሠራ ከሚደርስበት ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚያሳድገው ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃው ይፈላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ ጋርኒሲዮኑ ይቃጠላል። በዚህ ላይ ከሩዝ ማሳው የሚነሣው ገለባና አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል፤ በኩላንት ፈንታ የሚሞላው የጉድጓድ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል። «ራቫዬ ዳገት ላይ ትግላለች» የሚለው ወቀሳ ሲሰማ፣ ሞተሩን ከመኮነን በፊት ትንሿን ክዳን መመርመር ይገባል። ሙሉ የቴስታታ ሥራ የሚያስወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያች ክዳን ነው።

ሜዳው ላይ ያለው ፈተና ግን ከዚህ የከፋ ነው። ወደ ናበጋ ቀበሌ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ጥቁር ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። መኪናዋ ከመሬት የምትነሣው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አራቱም ጎማ ቢገፋ ጭቃ ያሻግራል እንጂ ውሃ አያሻግርም። ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ከገባ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ይገታል፤ ቢዬላው ይጎብጣል። ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በመተንፈሻው ይስባል። ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ከሳምንታት በኋላ መካኒኩ ከሥር ያለውን ቡሎን ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ማኪያቶ መስሎ ይገኛል፤ በዚህ ጊዜ ጥርሶቹና ኩሽኔታው መበላት ጀምረዋል። ጎርፍ ውስጥ የገባ መኪና በዚያው ሳምንት ዘይቱ ቢቀየር ኖሮ የሚተርፈው ብዙ ነበር።

ሁለት ተቃውሞዎች መልስ ይሻሉ። አንደኛው፣ የባለቤት ምስክርነት አይታመንም የሚለው ነው፤ ሊሸጥ ያሰበ ያሞግሳል፤ መኪናው የሞተበት ደግሞ ባለቤት መሆኑን ስላቆመ አይጠየቅም። ትክክል ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ መወሰድ ያለበት ሙገሳው ሳይሆን ዝርዝሩ ነው፦ ምን ተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ለምን? ይህን የሚመልስ ሰው ቢዋሽ እንኳ መካኒክ ያጣራዋል። ሁለተኛው፣ አሮጌ መኪና አደገኛ ነው የሚለው ነው። ይህንንም እቀበላለሁ። ከመጀመሪያው ትውልድ ኤርባግ የሌላቸው አሉ፤ ሞተር መነሣቱ ሌላ፣ በግጭት ጊዜ ሰው ማትረፉ ሌላ። ነገር ግን ምርጫው ጠቧል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅ ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ትነዳለችና ፍሬኗ፣ ቀበቶዋና ጎማዋ ከሞተሯ እኩል ሊታሰብላቸው ይገባል።

ሻጭ ሆይ፣ ሊብሬውን ስታስረክብ የጥገናውንም ደብተር አስረክብ፤ ከሌለህ ዛሬ ጀምር። ገዢም ቀጠሮህን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አድርግ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ የውሃውን ቀለም እይ፤ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስፈትሽ፤ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። መልስ ካጣህ ቺንጊያውን ለመቀየር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀንስ።