ጌል፦ የአእምሮ ሕሙማንን በየቤቷ ያስጠጋች ከተማ

በሰሜን ቤልጂየም፣ በአንትወርፕ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ጌል ለዓይን ከሌሎቹ ከተሞች የተለየች አይደለችም። ነዋሪዎቿ ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የማያውቁትን፣ አእምሮው የታወከ ሰው ቤታቸው እያስገቡ፣ ከገበታቸው እያበሉ ኖረዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ሰማዕት ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ዲምፕና የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት አባቷ በሐዘን አእምሮው ተናወጠና፣ መልኳ እናቷን ስለሚመስል ላግባሽ አላት። ከንስሐ አባቷ ጋር ባሕር ተሻግራ ጌል ብትገባም ተከታትሎ ደረሰባትና በገዛ እጁ አንገቷን ቀላት። ያበደ ንጉሥ የገደላት ልጅ ለአእምሮ ሕሙማን አማላጅ ሆነች። በ1349 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስሟ ቤተ ክርስቲያን መሠራት ጀመረ። ሕሙማን ከሩቅ አገር እየተመሩ ይመጣሉ፤ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ይደረስላቸዋል፤ አጽሟ ካረፈበት ሥር እየዳኹ ያልፋሉ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ወርዶ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሕመሙ የርኩስ መንፈስ ነው ከተባለ ፈውሱም የሚፈለገው ከመቅደስ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የነበረችው የሕሙማን ማደሪያ ግን ለሁሉ አልበቃችም። ተራ የሚጠብቀው፣ ዘጠኙን ቀን ጨርሶም ያልተሻለው በየገበሬው ቤት ይመራ ጀመር። ዘመድ ሊወስደው ያልመጣው እዚያው ቀረ። የአንድ ወር እንግዳ የዕድሜ ልክ ደባል ሆነ፤ አሳዳሪዎቹ ሲሞቱም ልጆቻቸው ተረከቡት።

ጌሎችን ቅዱሳን ማድረግ አያስፈልግም። ቤተሰቡ ክፍያ ይቀበል ነበር፤ ደባሉም አቅሙ በፈቀደ በእርሻና በቤት ሥራ ያግዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እግሩ በብረት የታሰረ ደባልም ይታይ ነበር። በ1850 የወጣው ሕግ ነገሩን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አዋለው፤ በ1862 ደግሞ አዲስ መጪዎች ቤተሰብ ከመመደባቸው በፊት የሚታዩበት ሆስፒታል ተከፈተ። እንከኑን ሁሉ ቆጥረንም ልዩነቱ አይሸፈንም። ለንደን በሚገኘው የቤተልሔም የአእምሮ ሆስፒታል እስከ 1770 ድረስ ማንም ሰው ገብቶ ሕሙማኑን እንደ ትርኢት ያይ ነበር። ጌል ውስጥ ግን በዚያው ዘመን ሕመምተኛው ገበያ ይወጣል፣ ያስቀድሳል፣ መሸታ ቤት ይቀመጣል። ሠዓሊው ቫን ጎግ ባስቸገረ ጊዜ አባቱ ሊልከው ያሰበው ወደዚህችው ከተማ ነበር፤ እሱ እምቢ አለ እንጂ።

አሳዳሪ ቤተሰቦቹ የደባላቸውን ሕመም ስም እንኳ አይነገራቸውም። አንድ ደባል በየቀኑ የሸሚዙን ቁልፎች እየጠመዘዘ ይበጥስ ነበር፤ ያሳደረችው ሴት በየማታው መልሳ ትተክላለች። አንዲት ተመራማሪ በማይበጠስ የዓሣ ማጥመጃ ክር እንድትሰፋው ብትመክራት ሴትዮዋ አጥብቃ ተቃወመች፤ ሰውየው ቁልፍ መበጠስ ያስፈልገዋል አለች። በሌላ ቤት ደግሞ ደባሉ ከግድግዳው አንበሶች ሲወጡ ይታየው ነበር። የቤቱ እመቤት አንበሳ የለም ብላ አልተከራከረችውም። አንበሶቹን እያባረረች ታስወጣለታለች፤ እሱም ይረጋጋል።

የጌል ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የሥጋ ዘመድ ልጁ እንደ ድሮው እንዲሆንለት ይጓጓል፤ ያ ጉጉት ሳይሳካ ሲቀር ቁጣ ይወልዳል፣ አንዳንዴም ሰንሰለት። ባዕዱ ቤተሰብ ግን ድሮ የሚባለውን ሰው አላየውም። በሩ ላይ የቆመውን ሰው እንዳለ ይቀበለዋል፣ ከማዳን ግዴታም ነፃ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ከ3,700 በላይ ደባሎች በከተማዋ ይኖሩ ነበር። ከ1950ዎቹ በኋላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች መጡ፤ እርሻው ቀነሰ፤ ቀድሞ ቤት የሚውሉት ሴቶችም ደመወዝ ወዳለው ሥራ ወጡ። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ200 በታች ወርዷል። ዩኔስኮ በ2023 ልማዱን በመልካም የቅርስ ጥበቃ ተሞክሮነት መዝግቦታል። ዛሬ ደባሉ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ የሆስፒታሉ ባለሙያዎችም እየመጡ ይጠይቁታል፤ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ክፍያ ግን ከድካሙ ጋር ሲተያይ አሁንም ጥቂት ነው።