መኒይ፣ መዚይ እና ወዲይ፦ ገላን የሚያስታጥበውና ልብስን የሚያነጅሰው

ከሰውነት ስለሚወጣ ፈሳሽ በፊቅህ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው ፈሳሹ ራሱ ነጃሳ ነው ወይስ ንጹሕ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ለመስገድ ዉዱእ ይበቃል ወይስ ገላን መታጠብ ያስፈልጋል የሚል ነው። የአንዱ መልስ ሌላውን አይወስንም። ብዙ ሰው የሚደናገረውም ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው።

መኒይ በግንኙነት ወይም በሕልም፣ በእርካታ ጊዜ እየፈነጠቀ የሚወጣ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ከወጣ በኋላ ሰውነት ይዝላል። በስሜት ከወጣ ገላን መታጠብ ግዴታ ስለመሆኑ በዑለማዎች መካከል ልዩነት የለም። የተለያዩት ልብስ ላይ ሲያርፍ ነው። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ንጹሕ ነው ሲሉ፣ ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ነጃሳ ነው ይላሉ። የሚገርመው፣ የሁለቱም ወገን ማስረጃ ከአንዲት ሴት፣ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የመጣ መሆኑ ነው። በአንዱ ሐዲስ ከነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ልብስ ላይ የደረቀውን ትፍቀው እንደነበርና እሳቸውም በዚያው ልብስ ይሰግዱ እንደነበር ተናግራለች። በሌላው ታጥበው እንደነበርና የውሃው እርጥበት ሳይደርቅ እሳቸው ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር አውርታለች። ንጹሕ ነው ያሉት፣ ነጃሳ ቢሆን ኖሮ መፋቅ አይበቃውም ነበር፤ ማጠቡ ለጽዳት ነው ብለው ተረድተዋል። ሐነፊዮች የደረቀው ይፋቅ፣ እርጥቡ ይታጠብ ብለው ሁለቱንም አስማሙ፤ ማሊኪዮች ግን ከማጠብ ሌላ አይቀበሉም። በኢትዮጵያ የሻፊዒይም የሐነፊይም መዝሃብ ተከታይ ስላለ፣ ሁለቱን መልስ ከሁለት ሸኽ የሰማ ሰው አንዱ ተሳስቷል ብሎ መቸኮል የለበትም።

መዚይ ተቃራኒው ነው። በጨዋታ ወይም በሐሳብ ስሜት ሲነሣሣ ሳይታወቅ የሚወጣ ቀጭን፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው። በአራቱም መዝሃቦች የጸናው አቋም ነጃሳ ነው የሚል ነው፤ ነገር ግን ገላን አያስታጥብም። ዐሊይ (ረ.ዐ.) መዚይ ይበዛባቸው ነበር። የነቢዩን ልጅ ፋጢማን ያገቡ በመሆናቸው ራሳቸው ለመጠየቅ አፍረው ሶሓባውን ሚቅዳድን ላኩ፤ መልሱ ብልትን ታጥቦ ዉዱእ ማድረግ ይበቃል የሚል ሆነ። የነካው ልብስ እንደ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይታጠባል፤ በሰህል ኢብን ሑነይፍ ሐዲስ የያዙት ግን አንድ እፍኝ ውሃ መርጨት ይበቃል ብለዋል።

ወዲይ ብዙ አያከራክርም። ከሽንት በኋላ የሚከተል ወፍራምና ደፍራሽ ፈሳሽ ሲሆን ፍርዱ የሽንት ነው፦ ይታጠባል፣ ዉዱእ ይደረጋል።

በሕልም የሚወጣው መኒይ ሕግ ለሴትም ይሠራል። ሶሓቢይቷ ኡሙ ሱለይም ነቢዩን በግልጽ ጠይቀው፣ ሴትም ፈሳሹን ካየች እንደምትታጠብ ተመልሶላቸዋል። መለኪያው ማየቱ ነው፦ ሕልሙን አስታውሶ ምንም ያላገኘ አይታጠብም፤ ሕልም ባያስታውስም መኒይ ያገኘ ይታጠባል። ያገኘው መኒይ ይሁን መዚይ መለየት ያቃተው በሻፊዒይ መዝሃብ ምርጫ አለው፦ መኒይ አድርጎ ገላውን ይታጠባል፣ አለዚያም መዚይ አድርጎ የነካውን አጥቦ ዉዱእ ያደርጋል። ወጣ ወይስ አልወጣም ብሎ የተጠራጠረ ሰው ግን እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ ምንም ግዴታ የለበትም።