አምስት ሰው፣ አምስት ባሕርይ

በዛሬው ዝግጅታችን ጥቂት ሰዎች ለአንድ ሥራ ሲሰባሰቡ የየአንዳንዳቸው ባሕርይ ሥራውን እንዴት እንደሚነካው እንመለከታለን።

በአንድ ሠፈር የውኃ ቧንቧ ለማስገባት ታሰበ እንበል። አምስት ሰው ተመረጠና ከዐስር ሰላት በኋላ ተቀመጡ። አንዱ ገና ቁጭ ከማለቱ ሐሳብ ያዘንባል። ሁለተኛው "ኧረ ቆይ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ይላል። ሦስተኛዋ ማንም እንዳይከፋው የሁሉንም ሐሳብ ትደግፋለች። አራተኛው "ወሬው ይብቃና ወደ ሥራ እንግባ" እያለ ይቸኩላል። አምስተኛው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በሦስተኛው ስብሰባ ሁለት ሰው ይቀራል፤ በአምስተኛው ሰብሳቢውና ጸሐፊው ብቻ ይገናኛሉ። ሠፈሩም ውኃውን በጀሪካን መቅዳቱን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው "እከሌ አስቸጋሪ ሰው ነው እኮ" የሚል ወሬ ነው። እኛ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ እከሌ አይደለም ባዮች ነን።

ሰውን በባሕርይው መመደብ የቆየ ነገር ነው። የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ወደ ውጭ የሚያዘነብሉና ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉ ብሎ ከፈላቸው። ከዚህ በመነሳት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ሰውን በ16 ዓይነት የሚለይ መጠይቅ አዘጋጁ። መጠይቁ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ይሞላል፤ ነገር ግን ብዙ ባንመካበት ይሻላል። አንድ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነውና። አብዛኛው ሰው ፍጹም ዝምተኛ ወይም ፍጹም ተናጋሪ ሳይሆን መሐል አካባቢ ነው።

ባሕርይ ሰውን አስሮ እንደማያስቀምጥ ከታሪክም እናውቃለን። አቡ በክር (ረ.ዐ.) በልበ ለስላሳነታቸው፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በኃይለኝነታቸው ይታወቃሉ። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ በኋላ ዘካ አንሰጥም ባሉት ጎሳዎች ጉዳይ ሲመካከሩ ጠንክረው የቆሙት አቡ በክር፣ መጀመሪያ ላይ ያመነቱት ደግሞ ዑመር ነበሩ። "እከሌ ለስላሳ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም" ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ታዲያ የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሰዎች አንድ ላይ መሆናቸው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እንግሊዛዊው ሜሬዲት ቤልቢን ይህን ለዓመታት አጥንቷል። በሄንሌይ ከተማ አቅራቢያ በነበረ የሥራ አመራር ኮሌጅ ለሥልጠና የሚመጡ ኃላፊዎች በቡድን ተከፍለው የንግድ ውድድር ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ቤልቢንና ባልደረቦቹ አስቀድመው የእያንዳንዱን ሰው የማሰብ ችሎታና ባሕርይ በፈተና ይለካሉ። አንዳንዱን ቡድን ሆን ብለው አእምሯቸው በጣም የሰላ ሰዎች በሞሉበት አዋቀሩትና "አፖሎ" አሉት። ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀው ይህ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ የአፖሎ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ ከኋላ ተሰለፉ። ምክንያቱም ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ስህተት ለማውጣት ጎበዝ ነው፤ የራሱን የሚለቅ ግን የለም። ክርክሩ ሲጦፍ ዛሬውኑ መሠራት የነበረበት ነገር ሳይሠራ ይቀራል።

ቤልቢን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ ለአንድ ቡድን የሚያስፈልጉ ስምንት ድርሻዎችን ዘረዘረ፤ በኋላም ዘጠነኛ ጨመረባቸው። ሐሳብ የሚያፈልቅ፣ የሚመዝን፣ የሚያስተባብር፣ ሥራውን የሚገፋ፣ ሰውን የሚያስማማ፣ የተጀመረውን ጥንቅቅ አድርጎ የሚጨርስ፣ እያለ ይሄዳል። አንድ ሰው ሁለት ሦስቱን ሊይዝ ይችላል። እንደ እሱ አባባል የእያንዳንዱ ድርሻ ብርታት የራሱ የሆነ ድክመት ያስከትላል። ሐሳብ የሚያፈልቀው ዝርዝሩን ይረሳል፤ የሚመዝነው ሰው ስሜት ያቀዘቅዛል፤ የሚገፋው ሰው ያስቀይማል። እንግዲህ ያ "ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ያለው ሰውዬ ነገር አበላሽ ሳይሆን መዛኙ ነበር። ሥራ ከመበተኑ በፊት በጀቱን እንዲያዘጋጅ ቢሰጡት ኖሮ የት በደረሱ!

ሁሉም ተስማሚ የሆነበት ቡድንም ከጭቅጭቀኛው ያልተናነሰ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲና አማካሪዎቻቸው በስደተኛ ኩባውያን አማካይነት ኩባን የማስወረር ዕቅድ አጸደቁ፤ ወረራው በሦስት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበሩት የታሪክ ምሁሩ አርተር ሽሌዚንገር ዕቅዱን በጽሑፍ ተቃውመው ሳለ በስብሰባው ላይ አፋቸውን መያዛቸው በኋላ ጸጽቷቸዋል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1962፣ የሶቪየት ሚሳይሎች ኩባ ውስጥ ሲገኙ ኬኔዲ አሠራራቸውን ለወጡ። ሰዎቹ በነፃነት እንዲናገሩ በአንዳንዱ ስብሰባ ላይ ራሳቸው አልተገኙም፤ ውይይቱም ብዙ አማራጭ የሚቀርብበትና እያንዳንዱ የሚፈተሽበት ሆነ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ያው የዓምናዎቹ ነበሩ።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ዝምታ ሁሉ ባሕርይ አይደለም፤ አደብም ነው። ሽማግሌው ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ "አይደለም" አይልም፤ ብዙ ሴቶችም እንዲሁ። ስለዚህ የሚከበሩት ሰው መጨረሻ ላይ ቢናገሩ፣ ክብራቸው ሳይነካ የሌላው አፍ ይከፈታል። አጀንዳው ከሁለት ቀን በፊት ቢነገር፣ አስቦ የሚናገረው ሰው ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሐሳብ የሚፈልቅበትና ሐሳብ የሚተችበት ሰዓት ቢለይ፣ ሁለቱ ሰዎች አይጋጩም። ለቸኳዩም ውይይቱ የሚያበቃበት ሰዓት ከወዲሁ ይነገረው፤ ትዕግሥቱ ይረዝማል።

ዝምተኛውን በሰው ፊት "አንተስ ለምን አትናገርም?" ብሎ ማፋጠጥ ግን ይብሱን ይዘጋዋል። ከስብሰባው በኋላ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ሲሆን ይጠየቅ። ቧንቧው በማን ግቢ ማለፍ እንዳለበትና ባለቤቱን ማን ቢያነጋግረው እሺ እንደሚል ያኔ ይናገር ይሆናል።