የሐረር ጅቦችና ያልተጻፈው ውል

ስሙኝማ! በሌሊት ከተማ ገብተው ጂን የሚበሉ፣ ከሰው ጋር ቃል ኪዳን ያላቸው አውሬዎች! ልብ ወለድ ይመስላል አይደል? ሐረር ላይ ግን ይህ የሰፈር ወግ ነው። ከተረቱ በላይ የገረመኝ፣ ሳይረሳ እዚህ የደረሰበት ዘዴ ነው።

ድሮ ጽኑ ረሃብ ገባ። የተራቡ ጅቦች ሰው መንጠቅ ጀመሩ። የሐረር አውሊያዎች ተራራ ላይ ከጅቦቹ ጋር ተገናኙና ሰው ገንፎ ሊያቀርብ፣ ጅብም ሰው ላይነካ ተስማሙ ይባላል።

ታዲያ ውሉ የት ተጻፈ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። መጀመሪያ ጀጎልን ተመልከቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸ ግንብ ነው፤ ታሪካዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ከግርጌው ደግሞ ጅብ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች አሉ። ጠላት እንዳይገባ በተሠራ ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ! ሕፃን ልጅ ቀዳዳውን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። በቃ፣ ታሪኩ ተጀመረ።

ከዚያ ገንፎው አለ። በዓሹራ፣ በሙሐረም 10ኛው ቀን፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅቦቹ ይቀርባል። ቱሪስት የሚያየው የማታው ሥጋ ማጉረስ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በገንፎው ቀን ጅቡ እንዴት እንደሚበላ ሁሉም በጉጉት ይከታተላል፤ አበላሉ የዓመቱን ዕድል ይናገራል ተብሎ ይታመናላ! ገባችሁ? የጥንቱ ታሪክ በየዓመቱ ትኩስ ወሬ ይወልዳል። ልክ እንደ እርሾ ነው፤ ካለፈው ቡኮ የተረፈው የዛሬውን ያቦካል።

ደግሞ የሚያስታውሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ እኔ ይህን ሳውቅ ነው አጃኢብ ያልኩት። የጅብ መንጋ የሚመራው በሴት ነው። ግልገል እናቱን እየተከተለ ያድጋል፤ በመንጋው ውስጥ ያለው ማዕረግም ከእናቱ ይወረሳል። አያት ለልጅ ልጇ ውሉን ስታወራ፣ ከግንቡ ውጭ ሌላ እናት ለልጇ መንገዱን እያሳየች ነው። ውሉን የሚያወርሱ ሁለት ቤተሰቦች!

ገንፎውን ማየት ካማራችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ዓሹራ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል።